የሐረርን የሳይንስ ትምህርት ቤት ማን ያቅድ? ከፈረስ መጋላ የሚነሳ ታሪክ

ፈረስ መጋላ ዛሬ ፈረስ አይሸጥበትም። ስሙ ግን አልተቀየረም። በጁገል ግንብ ውስጥ ያለው አደባባይ የፈረስ ገበያ ነበር፤ ገበያው ሄደ፣ ስሙ ቀረ። ከአደባባዩ ወደ ግድር መጋላ የሚያመራው ጠባብ መንገድ ደግሞ "መኪና ግርግር" ይባላል። ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ገዢው ጨርቁን ከሱቅ ቆርጦ ያመጣና እዚያው ቆሞ ያሰፋል።

ከግንቡ ውጭ ያሉት መካኒኮችም ሌላ ታሪክ አላቸው። ፈረንሳይ ውስጥ መመረቱ ከቆመ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የተጠጋውን ፔጆ 404 ሐረር ውስጥ ለዓመታት በታክሲነት ያሽከረከሩት እነሱ ናቸው። መለዋወጫው ሲጠፋ ቀጥቅጠው፣ በይደው፣ ከሌላ መኪና አውጥተው አገጣጠሙ።

ሐረር ቴክኖሎጂን የለመደችው ከዛሬ ጀምሮ አይደለም ለማለት ነው። የራሷን ገንዘብ የቀረጸች፣ መጻሕፍት የጠረዘች፣ ብረት ያቀለጠች ከተማ ናት። ችግሩ ይህ እጅና የትምህርት ቤቱ ጥቁር ሰሌዳ ተገናኝተው አለማወቃቸው ነው።

አሁን በየክልሉ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመክፈት ፍላጎት እየጨመረ ነው። ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ የስቴም ማዕከል፣ የተሰጥኦ ትምህርት ቤት፤ ስሙ ብዙ ነው። እቅዱ ሲጻፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከዕቃ ዝርዝር ነው፤ ይህን ያህል ኮምፒውተር፣ ይህን ያህል ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ባለሦስት አውታር ማተሚያ፣ አንድ የሮቦት ክፍል። "በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ" የሚባለው ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ እቅድ አውጪውን ሁለት ነገር ይጠይቀዋል። አንደኛ፦ ትምህርት ቤቱ የተተከለበት ከተማ ምን ችግር አለበት? ሁለተኛ፦ ልጁ ከዚህ ተነስቶ ወዴት ይሄዳል? ሁለቱን የመለሰ ፕሮግራም ፍሬ አፈራ። አንዱን ብቻ የመለሰ አነከሰ። ሁለተኛውን የዘነጋውማ አገር አነቃነቀ።

፩. ከአንድ ልጅ ዕድል ወደ ትምህርት ቤት

የመጀመሪያው እቅድ አንድን ልጅ መርጦ ውጭ መላክ ነበር። ሐረር በራስ መኮንን ቤት ያደጉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ተላኩ። እዚያ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው ተመለሱ። ኋላ የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ቴአትር "ፋቡላ"ን ጻፉ፤ ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ትልቅ ሰው ወጣቸው። ዳሩ ግን ይህ የአንድ ልጅ ዕድል ነው፤ በዕድሜ እኩያቸው የነበረው የሐረር ልጅ ሁሉ ሩሲያን አላየም።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ይህን ዕድል ወደ ሥርዓት መለወጥ ተጀመረ። ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን የሚሠራው ይህ ትምህርት በአዲስ አበባ ብቻ አልቀረም፤ በሐረር፣ በአንኮበርና በደሴም ተከፍቷል። ሐረር ለዘመናዊ ትምህርት ከመጀመሪያዎቹ ከተሞች አንዷ የሆነችው በዚህ ነው።

የዚያ ዘመን ትምህርት ዋናው ቋንቋ ነበር። መንግሥት የሚፈልገው አስተርጓሚ፣ ጸሐፊ፣ የጉምሩክና የፖስታ ሠራተኛ ነው። "ልጁ ወዴት ይሄዳል?" ለሚለው መልሱ ግልጽ ነበር፤ ወደ መንግሥት ቢሮ። "ከተማው ምን ችግር አለበት?" የሚለውን ግን የጠየቀ አልነበረም። የተማረ ሰው ማለት ከወንበርና ከወረቀት ጋር የሚውል ሰው ነው የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደው ያኔ ነው። እስከ ዛሬም አልለቀቀንም።

፪. ጅማና አለማያ፦ ትምህርት ቤትና ኮሌጅ አብረው ሲታቀዱ

በ1944 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካ ጋር በ"ፖይንት ፎር" የእርዳታ ፕሮግራም ተስማማና ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ እንዲያቋቁም ኃላፊነት ወሰደ። የኮሌጁ ቦታ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አለማያ ላይ ተመረጠ።

ኮሌጁ ግን ከሕንጻ አልጀመረም። መጀመሪያ ጅማ ላይ የግብርና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ደረጃው ሁለተኛ ደረጃ ነው። ልጆቹ ጠዋት ባዮሎጂና ሒሳብ ይማራሉ፣ ቀጥሎ ማሳ ይወርዳሉ። አለማያ ግንባታ ላይ ሳለ የኮሌጁ የመጀመሪያ ተማሪዎች እዚያው ጅማ ተማሩ። ከዚያ ወደ አለማያ ተዛወሩ፤ ኮሌጁም ጥር 1950 ዓ.ም. በይፋ ተመረቀ።

እዚህ ላይ የእቅዱን ብልሃት ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛ ደረጃው ለብቻው አልታቀደም፤ በላዩ መሰላል ነበረው። ጅማ የገባ ልጅ ቢጎብዝ አለማያ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ባይቀጥል እንኳ እጁ ላይ ሙያ አለ። ኮሌጁ ደግሞ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው ምክር ማድረስን ሦስቱንም በአንድ ላይ ይዞ ነበር።

ውጤቱን በአንድ ሰው ማየት ይቻላል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ወሎንኮሚ በምትባል መንደር በሣር ጎጆ ነው ያደጉት። በልጅነታቸው እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው እየሄዱ፣ ሳምንቱን ተምረው ዓርብ ይመለሱ ነበር። ከዚያ ጅማ ግብርና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከጅማ አለማያ፤ ከአለማያ አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ። የማሽላን ሥር ተጣብቆ የሚመጠምጠውን ስትራይጋ የሚባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም የማሽላ ዝርያ ከባልደረቦቻቸው ጋር አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ።

ልብ እንበል። ይህ ሰው ወደ ዓለም መድረክ የወጣው ከማሽላ ሸሽቶ አይደለም፤ በማሽላ በኩል ነው። "የአካባቢ ችግር ላይ ያተኮረ ትምህርት ልጁን መንደር ውስጥ ያስቀረዋል" ለሚሉ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

የአለማያ ታሪክ ግን ሌላም ገጽ አለው። ለገበሬው ምክር የማድረሱ ሥራ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ፤ አገር አቀፉን ምርምር የሚመራ ሌላ ተቋም ተመሠረተ። አስተዳደራዊ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ የሦስቱ ገመድ ላላ። ዓመታት አለፉና ከኮሌጁ አጠገብ የተኛው የሐሮማያ ሐይቅ ለመስኖ እየተሳበ፣ ለሐረር ከተማ መጠጥ እየተቀዳ፣ ከኮረብታው በሚወርድ ደለል እየተሞላ በ1990ዎቹ ማብቂያ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውሃ ተመልሶበታል። ግን ሐይቅ የሚያህል ነገር በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ መድረቁ ማንንም ሊያስተኛ አይገባም። እውቀቱ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ከግቢ ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ ከተማው የውሃ መስመር የሚወስደው መንገድ ነው የቀጠነው።

፫. ባሕር ዳር፦ ፋብሪካው በጎን

ሌላው ትምህርት ከባሕር ዳር ይመጣል። በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሪክ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ የግብርና መሣሪያዎች፤ ዘርፎቹ እነዚህ ነበሩ።

የጨርቃ ጨርቅ ዘርፉ ያለ ምክንያት አልመጣም። በዚያው ዘመን ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ባሕር ዳር ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተክሏል። ጥጥ አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ ሙያተኛ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ የተጻፈው ከተማው ላይ ሆኖ ነው። ያ ኢንስቲትዩት በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተጣምሮ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርቱም ዛሬ ድረስ ስሙ ይጠራል። ስድሳ ዓመት የቆየ ፕሮግራም እንዲህ ነው የሚታቀደው።

በዚያው ዘመን ሐረር ውስጥ የነበረውን የጦር አካዳሚ ስናስታውስ ደግሞ ተቃራኒው ይታያል። አካዳሚው በሕንድ መኮንኖች የሚመራ፣ በትምህርት ጥራቱ የተመሰገነ ነበር። ነገር ግን ሥሩ ከተማው ውስጥ ሳይሆን ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነበርና፣ መንግሥት ሲለወጥ ተዘጋ። ሐረር ያን ሁሉ አስተማሪና ቤተ ሙከራ ለራሷ ልጆች መጠቀም ሳትችል ቀረች።

፬. የ1964ቱ ጥናት፦ ጣራ የተበጀለት ልጅ

አሁን ወደ ውድቀቱ እንምጣ። በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ትልቅ የትምህርት ዘርፍ ጥናት አስጠና። የአገር ውስጥና የውጭ ባለሙያዎች በየቡድኑ ተከፍለው ሠሩ። ጥናቱ የተነሳበት ችግር እውነት ነው፤ ከገጠር ልጆች አብዛኛዎቹ ትምህርት ቤት አያውቁም፣ ገንዘቡ በከተማና በከፍተኛው ደረጃ ላይ ይፈሳል፣ የተማረው ሥራ ያጣል። መፍትሔው፦ ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት፣ ለገጠር ኑሮ የሚስማማ የእጅ ሙያ፤ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርቱ መስፋፋት ደግሞ ይገታ።

በወረቀት ላይ ሲነበብ አስተዋይ እቅድ ነው። ዛሬ "ከአካባቢ ጋር የተሳሰረ ትምህርት" የምንለው ሁሉ ውስጡ አለ። የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሷል።

ሁለተኛውን ግን አልመለሰም። ልጁ ከአራተኛ ክፍል በኋላ ወዴት ይሄዳል? ድሃው ወላጅ እቅዱን ሲሰማ የገባው አንድ ነገር ነው፦ "የኔ ልጅ አራተኛ ላይ ይቁም፣ የባለሥልጣኑ ልጅ ይቀጥል"። መምህሩም ስለ ኑሮውና ስለ እድገቱ ሰጋ። ከዚህ በላይ ጥናቱ ለወራት ከሕዝብ ዐይን ርቆ ቆየ፤ ተደብቆ የቆየ ነገር ደግሞ ሲወጣ ከነበረው በላይ ገዝፎ ይታያል። የካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፣ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ተነሱ፣ ተማሪው ተከተለ። መንግሥት እቅዱን አነሳ፤ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ያ ዓመት በምን እንዳለቀ ሁሉም ያውቃል።

አብዮቱን ያመጣው የትምህርት እቅድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከለኮሱት ክብሪቶች አንዱ፣ በባለሙያዎች በጥንቃቄ የተጻፈና ከባለቤቱ ጋር ያልተመከረበት የትምህርት ፕሮግራም ነበር።

ጥላው ዛሬም አለ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ አሥረኛን ጨርሶ መሰናዶ ያልገባ ልጅ ወደ ቴክኒክና ሙያ ተመደበ። ሙያው ክቡር ነው ተባለ፤ አመዳደቡ ግን "ሙያ ለወደቀ" የሚል መልእክት አስተላለፈ። ወላጅም ንግግሩን ትቶ አመዳደቡን አነበበ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግቡ ተባለ። መቀመጫው ተቆጠረ፤ ቤተ ሙከራውና መምህሩ ግን በዚያው ፍጥነት አልደረሱም።

፭. የፈተና ፋብሪካ ወይስ የሳይንስ ትምህርት ቤት?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር፣ ከተፈታኙ 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመትም ነገሩ እምብዛም አልተለወጠም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ተማሪዎቻቸውን በብዛት ያሳለፉት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጎልተው ታዩ። ስለዚህ ልዩ ትምህርት ቤት የመክፈት ጉጉቱ የሚያስገርም አይደለም።

አደጋው ግን እዚህ ነው። ከመላው ክልል ጎበዞቹን ለቅሞ፣ ጥሩዎቹን መምህራን ወስዶ፣ በጥያቄና መልስ አጥንቶ ማሳለፍ ይቻላል። ይህ ግን ከሌላው ትምህርት ቤት ወስዶ እዚህ መከመር ነው። ልጆቹ ያልፋሉ፤ ከተማው ምንም አይጨመርለትም። የተመረጠው ልጅ የሄደበት የቀድሞ ክፍልም ጎበዙን አጥቶ ይቀራል።

እንግዲህ ሐረር ላይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢታቀድ ወይም ያለው ቢሰፋ፣ ፕሮግራሞቹ ከየት ይነሱ?

ውሃ የመጀመሪያው ነው። ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ሐረር ውሃዋን ከድሬዳዋ ቆላ በፓምፕ ወደ ላይ ማስመጣት ግድ ሆነባት። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ገደማ። ልዩነቱን 600 ሜትር ብቻ ብለን እናስላ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም 50 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ያን ያህል ለማንሳት በትንሹ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይፈልጋል፤ የቧንቧው ሰበቃና የፓምፑ ብክነት ሳይቆጠር። የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ነው። ይህን ያሰላ ልጅ መብራት ሲጠፋ ውሃ ለምን አብሮ እንደሚጠፋ ይገባዋል። በቧንቧ ላይ የሚፈሰውን የሚለካ ዳሳሽ መሥራት፣ መረጃውን በኮምፒውተር ማንበብ፣ የሐይቁን ደለል መመዘን፤ ፕሮግራሚንጉም ኬሚስትሪውም ከዚህ ይከተላል። "ልጁ ኮዲንግና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይማር እንጂ ስለ ጀሪካን ምን አገባው?" የሚል ካለ፣ ኮዱ የሚሠራበት ነገር ያስፈልገዋል ነው መልሱ።

ሁለተኛው ጥገና ነው። ፔጆውን ያቆዩት መካኒኮች፣ በመኪና ግርግር የስፌት መኪና የሚፈቱና የሚገጥሙ ባለሙያዎች ሳምንት በሳምንት ወደ ትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ቢጋበዙ፣ ትምህርት ቤቱ በአገር ውስጥ ገንዘብ የሚከፈለው መምህር አገኘ ማለት ነው። በየትምህርት ቤቱ የተገዛ ዕቃ ካርቶኑ ሳይከፈት ወይም አንድ ፊውዝ ተቃጥሎበት ተቆልፎ የሚቀረው ጠጋኝ ስለሌለ ነው። የራሱን ቤተ ሙከራ መጠገን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ዕቃው አያረጅበትም።

ሦስተኛው መጽሐፍና ቅርስ ነው። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሐረር የእጅ ጽሑፎችና የአጠራረዝ ጥበብ በዓለም ይታወቃሉ፤ በሸሪፍ ሙዚየም የተሰበሰቡትም ብዙ ናቸው። ወረቀት ለምን ይበላል? ቀለም ለምን ይደበዝዛል? የግንቡ ድንጋይ እርጥበትን እንዴት ይስባል? ይህ ኬሚስትሪና ሲቪል ምሕንድስና ነው፤ ውጭ አገር ደግሞ የታወቀ የጥናት ዘርፍ ነው።

አራተኛው ማሽላው፣ ቡናውና የዳገቱ አፈር ነው። ለዚህ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ 20 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሞአል። ጅማና አለማያ ያን ጊዜ በሩቅ የሠሩትን መሰላል ዛሬ በግማሽ ሰዓት መንገድ መሥራት ይቻላል፤ መሰላሉ ግን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መሆን አለበት። በፕሮጀክቱ የጎበዘ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ምን ቦታ ያገኛል? ያላለፈውስ በእጁ ምን ማስረጃ ይዞ ይወጣል?

ገንዘብ ያጥራል ይባላል። እውነት ነው፤ ሁሉንም በአንድ ዓመት መጀመር አይቻልም። በአንድ ዘርፍ፣ በውሃው፣ ይጀመር። የዕቃ ግዢው ከመምህሩ ቅጥር በኋላ ይምጣ። ለጥገና የሚውል በጀት ከመጀመሪያው ዓመት ይያዝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ሙከራው ለሌሎች ትምህርት ቤት ልጆች ይከፈት፤ ልዩ የተባለው ትምህርት ቤት የሌላውን ጎበዝ ወስዶ በሩን እንዳይዘጋ። ውጤቱም በፈተና ብቻ አይለካ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ከተማሪዎቹ ሥራ አንድ ነገር ተጠቅሟል ወይ ተብሎ ይጠየቅ።

አንድ ነገር ይቀራል። የ1964ቱ ጥናት ከነበሩበት ጉድለቶች ሁሉ የከፋው መደበቁ ነበር። ለሐረር የሚጻፈው እቅድ ከመፈረሙ በፊት ፈረስ መጋላ ላይ ይነበብ። በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ይነበብ። ልብስ ሰፊው፣ መካኒኩ፣ ጫት ሻጯ፣ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ቴክኒሺያን ቆመው ይስሙት። ከመካከላቸው አንዷ እናት "ልጄ ይህን ጨርሶ ወዴት ይሄዳል?" ብላ ብትጠይቅና የሚመልስላት ቢጠፋ፣ እቅዱ ወደ ቢሮ ይመለስና እንደገና ይጻፍ።